«አፕዴቱን አጥፋልኝ»፦ ርካሽ የሚመስል ውድ ቁጠባ

ልደታ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ጠዋት 2፡30። የአቤቱታ መጻፊያና የፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። አንዱ የውክልና ኮፒ ያስነሳል፣ አንዷ የክስ ማመልከቻዋን በፍላሽ ይዛ ፕሪንት ትጠብቃለች፣ ሌላው ይግባኙን ዛሬ ካላስገባ ቀኑ ያልፍበታል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ብዙው ጉዳይ ደግሞ ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ የመጨረሻው ቀን ላይ ይደርሳል። በዚህ መሀል የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሥራውን ያቆምና «አፕዴት እየተሠራ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ 12%» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። 12ቱ 13 እስኪሆን የአንድ ምስክር ቃል ይሰማል። ባለጉዳዩ ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐፊዋን ላብ ያጠምቃታል፣ ባለቤቱ ይራገማል።

ማታ ባለቤቱ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ይጠራል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ «ወንድሜ፣ ይኼን አፕዴት የሚሉትን ነገር ከሥሩ አጥፋልኝ።»

እንዲህ ያለ ጠዋት ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። ትእዛዙም የልደታ ብቻ አይደለም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በየቀኑ ይሰጣል። የሚሰጠው ሰው ገንዘብና ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል። የቆጠበው ግን የለም፤ የተበደረ ነው። ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱ ሳይሆን ሰነዱን አምኖ በፍላሽ የሰጠው ባለጉዳይ ነው።

የባለቤቱ ንዴት ተገቢ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ራሱን የሚዘጋ ማሽን ማንን አያናድድም? ትእዛዙ ግን ስህተት ነው፤ ስህተትነቱ ዘግይቶ ስለሚታይ ብቻ ትክክል መስሎ ይኖራል። አፕዴቱ ከጠፋ በኋላ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር ምንም አይመጣም። ከዚያ አንድ ቀን ፕሪንተሩ አልታዘዝ ይላል። ፍላሽ የሰካ ሁሉ ፋይሉ «ሾርትከት» ሆኖበት ይመለሳል። ማሽኑ በገጽ መሀል ቀጥ ይላል። ያኔ ከስድስት ወር በፊት የተሰጠውን ትእዛዝ የሚያስታውስ የለም። «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ይባላል። መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ አገር ሁሉ የሚያውቃት መልስ አለች፦ «ሲስተም የለም።»

አፕዴት ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ሰው አፕዴት ሲባል የሚታየው የመልክ ለውጥ ነው፤ የተነሳ አይከን፣ የተቀየረ ቀለም፣ የጠፋ ሜኑ። ይህ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ በሚወጣው ትልቁ አፕዴት ነው። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ የሚያወጣው ግን ሌላ ነው። እሱ ጥገና ነው። ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማሽኑን ድንገት ሰማያዊ ስክሪን ላይ የሚጥለውን ስህተት ያርማል፤ ሚሞሪ ይዞ የማይለቅ ፕሮግራም ካለ ያስተካክላል። የፕሪንተሩ፣ የዋይፋዩና የስክሪኑ ድራይቨርም በዚያው መንገድ ይታደሳል። ተጠቃሚው የሚያየው ነገር የለም። የጥሩ ጥገና ምልክቱ ይኸው ነው፤ የሚታየው ችግር አለመምጣቱ ነው።

ዘይት መቀየር ግማሽ ቀን ያስቆመኛል ብሎ ሁለት ዓመት ዘይት ሳይቀይር የሚነዳ የታክሲ ባለቤት የለም። ቢኖርም ሞተሩ ሲነክስ ጥፋቱን በመኪናው አያሳብብም፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ያው ሰው ዘይቱን አስደፍኖ ይኩራራል።

ሁለት ወር ቀድሞ የተሰጠ መድኃኒት

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተለቀቀ። የኮምፒውተሩን ፋይሎች ቆልፎ «ክፈሉ» የሚል ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። በእንግሊዝ ብቻ ከ236 የመንግሥት የጤና ተቋማት ቢያንስ 80ው ተነኩ፤ የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ በጠቀሰው ግምት 19 ሺህ ገደማ የሕመምተኛ ቀጠሮ ተሰረዘ።

ዋናው ቁም ነገር የጥቃቱ ስፋት አይደለም። ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ጥቃቱ መጣ። በእንግሊዝ ከተመቱት ማሽኖች አብዛኞቹ ያኔ ገና ድጋፍ የነበረው ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ። መድኃኒቱ በነፃ ተልኮላቸዋል፤ የጫነላቸው ሰው ግን አልነበረም። ለሕመምተኛው ቀጠሮው የተሰረዘው «በሳይበር ጥቃት» ተብሎ ተነገረው። እውነቱ ግን አንድ ቦታ ላይ «አሁን ሥራ አለብን፣ በኋላ» የተባለበት ቀን ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ተቃዋሚው ምን ይላል?

አፕዴት የሚያጠፋ ሰው ሞኝ አይደለም። ምክንያቶች አሉት፤ አንዳንዶቹም እውነት ናቸው። ስለዚህ በስድብ ሳይሆን በመልስ ነው መሸኘት ያለባቸው።

«አፕዴት ራሱ ያበላሻል።» አዎ፣ አበላሽቶ ያውቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል ስለሰረዘ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሟል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ጥሏል፤ አውሮፕላኖች ቆመዋል፣ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመልሰዋል። አገር ቤትም ምሳሌ አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ማን ይረሳል? ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ብሔራዊ ባንክም ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል።

የክራውድስትራይኩም ሆነ የንግድ ባንኩ ችግር የዊንዶውስ አፕዴት አልነበረም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ ሳይፈተሽ በአንድ ጊዜ ለሁሉም የተለቀቀ ለውጥ አደጋ ነው። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ «አትቀይር» አይደለም። «መጀመሪያ በአንድ ማሽን ሞክር፣ ቅጂ ያዝ፣ ከዚያ ለሌላው ልቀቅ» ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ዳግም ላለማሻሻል አልወሰነም፤ ሊወስንም አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ስለዚህ ሰው ቆሞ ይታጠቃል እንጂ ዝናሩን ጥሎ አይሄድም።

«አፕዴት ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል።» ይህም አንዳንዴ እውነት ነው። በ2010 ዓ.ም. ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ሲደፈኑ አሮጌ ማሽኖች ላይ ፍጥነት መቀነሱን ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚያዘገየው ሌላ ነው። አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ስድስት ወር የተጠራቀመ አፕዴት በአንድ ቀን ሲጭን ይንገዳገዳል። ያን ሁሉ ያጠራቀመው ግን ማን ነው? በየወሩ የሚጭን ሰው ሸክሙን ከፋፍሎ ይሸከማል። ዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቢቀየር ደግሞ ያው አሮጌ ማሽን አዲስ የተገዛ ይመስላል። አፕዴቱን ለማጥፋት የሚከፈለው ገንዘብ ተጠራቅሞ ቢሆን ለዚህ ይበቃ ነበር።

«ዳታ ይበላል፣ መብራትም ይሄዳል።» ይህ ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ነው። ሲሊከን ቫሊ የተቀመጠ ሰው አፕዴት ሲሠራ የሞባይል ዳታ ጥቅል ገዝቶ በስልኩ ሆትስፖት የሚሠራ የልደታ ጸሐፊ በዓይነ ሕሊናው አልመጣለትም። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ በ70% ላይ መብራት ሲሄድበት ምን እንደሚሰማም አያውቅም። ቢሆንም ዊንዶውስ ውስጥ ለዚህ የተሠሩ መፍትሔዎች አሉ፤ ብዙው ሰው ከፍቷቸው አያውቅም እንጂ። የሥራ ሰዓትን መርጦ «በዚህ ሰዓት ሪስታርት አታድርግ» ማለት ይቻላል። አፕዴትን እስከ 35 ቀን ማቆየት ይቻላል፤ የቀጠሮና የይግባኝ ጊዜ ለበዛበት ሳምንት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ኢንተርኔቱ በዳታ የሚከፈልበት መሆኑን ማሳወቅ ይቻላል፤ ያኔ ማሽኑ ትልልቁን ሳይጠይቅ አያወርድም። አምስት ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ደግሞ አፕዴቱን አንዱ አውርዶ ለአራቱ በውስጥ ኔትወርክ እንዲያካፍል ማድረግ ይችላል። አምስት ጊዜ የሚከፈለው ዳታ ወደ አንድ ይወርዳል። መብራቱን በተመለከተ፣ ኮምፒውተር ገዝቶ ዩፒኤስ አለመግዛት ቤት ሠርቶ ጣሪያውን መተው ነው።

«ግዕዙ ይጠፋብናል።» ይህኛውን የውጭ ሰው አይረዳውም፤ የአማርኛ ጸሐፊ ግን ያውቀዋል። ብዙ ቢሮ የዓመታት ሰነዱን በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ጽፏል። ዊንዶውሱ ሲቀየር ፎንቱ ካልተጫነ ውሳኔው፣ ውሉ፣ ደብዳቤው ሁሉ የላቲን ፊደል ኩምሽ ሆኖ ይከፈታል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይነበባል። አሮጌውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር አንድ ጊዜ የሚያደክም ሥራ ነው። ለአንድ ፎንት ሲባል መላውን ማሽን ባለበት ማቆም ግን በየዓመቱ የሚከብድ ዕዳ ነው። ያ አሮጌ ማሽን ሲሞት ሰነዱም አብሮት ይቀበራል።

ከዝምታው ማን ይጠቀማል?

እዚህ ላይ ስለ ጥገናው ገበያም መናገር ያስፈልጋል። ሐቀኛ ባለሙያ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለየትኛውም በሽታ አንድ መድኃኒት የሚያዝም አለ፦ «ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት ይደረጋል። ከፍላሽ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ የዊንዶውስ ቅጂ ይጫናል። ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። ክራኩ እንዳይነቃ ደግሞ አፕዴቱ ይጠፋል። ማሽኑ ንጹሕ መስሎ፣ ፈጥኖ፣ አምሮበት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በተመለሰበት ሰዓት ግን በሩ ተከፍቶ ቁልፉ ተጥሏል። ክራክ ተብለው በሚሠራጩ ፋይሎች ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተደብቆ እንደሚገኝ የደህንነት ባለሙያዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ስድስት ወር ሳይሞላ ማሽኑ እንደገና ይታመማል፤ እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ክፍያ። አፕዴት ክፍት ቢሆን ኖሮ የዚህ ምልልስ ግማሹ ባልኖረ። ደንበኛው «አጥፋልኝ» ሲል ባለሙያው «እሺ» ከማለቱ በፊት «የሥራ ሰዓቱን ላስተካክልልህ?» ብሎ የመጠየቅ የሙያ ግዴታ አለበት።

ጥቅምት 4 ያለፈው ቀን

ነገሩን አስቸኳይ ያደረገው አንድ ቀን አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ኮምፒውተሩ ያን ቀን አልሞተም፤ ማግሥቱንም እንደ ወትሮው ተከፍቷል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ይከማቻሉ፤ ባለቤቱ አፕዴት አጠፋም አላጠፋ ለውጥ የለውም።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉን አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ከውጭ ከሚገቡት ላፕቶፖች ስንቶቹ ይህን እንደሚያሟሉ ገዢ ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ውሳኔ የሚሠራ ማሽንን ቆሻሻ የሚያደርግ፣ ለድሃ አገር ያላሰበ የንግድ ውሳኔ ነው መባሉም አግባብ ነው። ኩባንያውን መውቀስ ግን ቀዳዳውን አይደፍንም።

አማራጮች አሉ። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያደርግ በነፃ፣ አለዚያ በ30 ዶላር። ለድርጅት ግን በአንድ ማሽን የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም ዋጋው በእጥፍ ያድጋል። 50 ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓመት 3,050 ዶላር ማለት ነው፤ ለዚያውም በውጭ ምንዛሪ። ለጽሕፈት፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚያገለግል ማሽን ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሲስተም አለ፤ የረጅም ጊዜ ስሪቶቹ የ5 ዓመት አፕዴት ይዘው ይመጣሉ፣ አማርኛም ይጻፍባቸዋል። ከነዚህ አንዱንም የማይችል ደግሞ ቢያንስ የባለጉዳይ ሰነድ ያለበትን አሮጌ ማሽን ከኢንተርኔት ይነጥል። አምስተኛው አማራጭ፣ ማለትም «እስኪ እናያለን»፣ አማራጭ አይደለም። ይሁንና በስፋት የተመረጠው እሱ ይመስላል።

ተጠያቂው ማነው?

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት መውቀስ ቀላል ነው፤ ትልቁ ጥፋት ግን የእሱ አይደለም። ትልቁ ጥፋት ኮምፒውተርን እንደ ወንበር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ነው። ወንበር ተገዝቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ንብረት ክፍል መዝገብ ላይ ሰፍሮ ያልቃል። ኮምፒውተር ግን የተገዛ ቀን ገና ሥራው ይጀምራል። ስንት የግዢ ሰነድ ውስጥ «የጥገናና የአፕዴት ኃላፊነት እስከ ስንት ዓመት?» የሚል መስመር አለ? ስንት የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ሲስተም ማደስ ለብቻው ተጽፏል? ዲጂታል ኢትዮጵያ ተብሎ ሲወራ የሚቆጠረው የተገዛው እንጂ የሚጠበቀው አይደለም።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ መረጃውን ለመጠበቅ ተገቢውን ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። አፕዴቱ ሆን ተብሎ የጠፋበት፣ ክራክ የተጫነበት፣ ድጋፉ ያበቃ ሲስተም «ተገቢ እርምጃ» ሊባል የሚችለው በየትኛው ቋንቋ ነው? የፍቺ ማመልከቻ፣ የልጅ ማሳደግ ክርክር፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የውርስ ሰነድ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ አድሮ ነገ የማይታወቅ ሰው እጅ ቢገባ፣ «ቫይረስ ነው» የሚለው መልስ ከእንግዲህ ሊበቃ አይገባም።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ስሙ የሚታወቅ አንድ ኃላፊ። በየወሩ የታወቀ አንድ ምሽት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። መጀመሪያ የሚሞከርበት አንድ ማሽን። ከማሽኑ ውጭ የተቀመጠ የሰነድ ቅጂ። አንድ ዩፒኤስ። የግዢ ውል ውስጥ አንድ መስመር። ከነዚህ ውስጥ ሲሊከን ቫሊ የሚጠይቅ የለም፤ ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የልደታው ባለቤትም ያን ምሽት ሌላ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችል ነበር፦ «ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እንዳይነካኝ አድርገህ፣ ሌሊት ሌሊት ይሥራ።» የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሰልፉ ያው ሰልፍ፣ ባለጉዳዩም ያው ስድሳኛ ቀኑ ላይ የደረሰ ሰው በሆነ ነበር። ልዩነቱ ይግባኙ ታትሞ፣ ፍላሹም እንደ ገባ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ብቻ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ በየወሩ በነፃ ይላካል። በር ዘግቶ የሚመልሰው ሰው እሳቱ ሲነሳ «ሲስተም የለም» የማለት መብት የለውም።